የፊልም ቃራሚዋ ቦንግዮ

በኪያምጹይ ሲኒማ ቤት ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ደወሌን ሳንቃጭል ደጅ የሚጠብቀው ሁሉ በነፃ ይገባና የፊልሙን ጭራ ያያል። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ድሃ እንደሚቃርም ማለት ነው፤ እኛም ቃራሚ ነው የምንላቸው። ከቃራሚ ሁሉ ደግሞ ቦንግዮን የሚያህል አልነበረም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ዳክዬ እያረባች አንድ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። ድሮ ለትኬት የሚተርፍ አልነበራትም፣ ኋላ እጇ ሲፍታታም ልማዱ አልለቀቃትም። የስንቱን ፊልም መጨረሻ ታውቃለች፤ መጀመሪያውን ያየችው ግን አንድም የለም።

«እህት ቦንግዮ፣ አንዴ እንኳ ከመጀመሪያው ብታዪ ምን ትሆኛለሽ?» እላታለሁ።

«ሰርጉ ያለው መጨረሻ ላይ! መጀመሪያው ላይ ምን አለ? ወሬ ብቻ። ይልቅ አንተ በረኛ ነህ፣ በርህን ክፈት» ትለኛለች።

ስሟ በእኛ ቋንቋ «እስቲ ትደግ» እንደማለት ነው። ሴት ልጅ የበዛባቸው ናቸው እንዲህ የሚሰይሙ። ጡት እንኳ በወጉ ሳትጠግብ ለሰው ቤት ሰጧት፤ የዚያ ቤት ወንድ ልጅ እንደ ወንድሟ ሆኖ አብሯት አደገ። አንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ እራት ተበልቶ ሲያበቃ አሳዳጊዋ የሁለቱን ምንጣፍ አንድ ክፍል ውስጥ አነጠፈችና «ከዛሬ ጀምሮ ባልና ሚስት ናችሁ» አለቻቸው። ሰርጓ ይኸው ነበር። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ በቃራሚነቷ እቀልድባት ነበር፤ ሰው እንዲህ ነው።

የእህቴ ልጅ ፒክሃ የቦንግዮ ልጅ የቴንሱ እጮኛ ነበረች። አባት የላትም። በእኛ ዘንድ «በሰማይ የሰማይ አምላክ፣ በምድር የእናት ወንድም» ይባላል፤ በሰርግ ቀን የክብሩ ወንበር የእኔ ነው፣ ነገር ሲበላሽም የሚጠየቀው ይኸው ወንበር ነው። የእጮኝነት ኬኩ ታዟል። ኬኩ ከወንዱ ቤት መጥቶ ለሴቷ ጎረቤቶች ከታደለ በኋላ ወደኋላ ማለት የለም። ያን ጊዜ የቀረው ኬኩን መላክ ብቻ ነበር።

መዘዙ የመጣው ከፊልም ነው። ባለፈው ዓመት የፊልም ሰዎች ወደ ከተማችን መጥተው በአንድ አሮጌ የነጋዴ ቤት ውስጥ ሲቀርፁ፣ ገረድ ሆና የምትጫወተው ተዋናይት የኛን አይስተር፣ ከባሕር የሚለቀመውን ባለቅርፊት፣ በልታ ሆዷ ታመመ። ፒክሃና እናቷ በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ በጎድጓዳ ሳህን በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ ይሸጣሉ። ዳይሬክተሩ ሩዙን እየበላ ልጅቷን አያትና «ይቺው ትሁንልን!» አለ። እሷም እየሳቀች ሄደች። የፊልሙ ስም «ሁለት ሙሽራ፣ አንድ ቁም ሳጥን» ነው፤ ከስሙ እንደምታዩት ቁምነገር የሚባል ነገር የለበትም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ ፎቶ አንሺ ትወዳለች፣ አባቷ ግን ለወፍጮ ቤት ጌታ ልጅ ሊድራት ነው። ገረዷ ፒክሃ እመቤቷ እንድታመልጥ የሙሽራ ልብሱን ራሷ ለብሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ትደበቃለች። ወፍራሙ ሙሽራም ከእናቱ ቁጣ ሲሸሽ ሳያውቅ እዚያው ይገባል። መጨረሻ ላይ ቁም ሳጥኑ ይወድቅና ሁለቱ ተቃቅፈው፣ እሱ በሌሊት ልብሱ፣ ከሰርገኛው ፊት ይዘረገፋሉ።

ፊልሙ ወደ ሲኒማ ቤታችን ሲመጣ ከተማው አበደ። ሰው በእንጨት ወንበሩ ላይ ቆሞ «ፒክሃ! ሰውዬው መጣ፣ ከኋላሽ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ የሐብሐብ ፍሬ እየፈረከሰ ይመክራታል። ቦንግዮ ግን በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዷ ለጭራው ገባች። ያየችውም የልጇ እጮኛ በሌላ ሰው የሙሽራ ልብስ፣ ከማታውቀው ወንድ ጋር ከቁም ሳጥን ስትወጣ ነው። አዳራሹ በሳቅ ሲፈነዳ እሷ ጫማዋን አጥልቃ ውልቅ አለች። በማግስቱ ኬኩ እንደማይላክ ሰው ላከችብን።

ፒክሃ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

«አጎቴ፣ ከመጀመሪያው ብታየው እኮ ይገባት ነበር።»

«ንገሪያታ።»

«ነገርኳት። ‹በዓይኔ ያየሁትን ምላስሽ አያጠፋውም› አለችኝ።»

«ቴንሱስ? አፍ የለውም?»

«እናቱ ፊት? የት አባቱ አግኝቶ!»

ቴንሱ ደግ ልጅ ነው፤ የተሰበረ ብስክሌት ሲያይ ልቡ የሚሰበር ዓይነት። እናቱ ፊት ግን ደርቆ ይቀራል። ትኬት ልቁረጥልሽና ከመጀመሪያው እዪው አላላትም አልልም፤ ብሏት ዱላ አንስታበታለች። እኔ ተናድጄ እንቅልፍ አጣሁ፤ በእሷም፣ በእሱም፣ ያንን አይስተር በበላችው ተዋናይትም ተናደድኩ።

ፊልሙ የሚሄድበት እሑድ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ትርዒት ነው፤ ማምሻውን መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ቦንግዮ ገና በጊዜ መጣች፣ ብቻዋንም አልነበረችም። አማላጇን፣ ወይዘሮ ሊየንን ይዛለች። ነገሩ ገባኝ፤ እጮኝነት ሲፈርስ ሁለቱን ቤት ያስማማችው አማላጅ ምክንያቱን አይታ መመስከር አለባት። ሊየን ጭራውን ካየች አለቀልን።

ሮጬ ሄድኩ። «እህት ቦንግዮ፣ ትኬቱን ልቁረጥላችሁ፣ አሁን ግቡ።»

«የውርደቴን ትኬት አንተ ልትቆርጥልኝ? እዚሁ እጠብቃለሁ። ሊየን የምታየው እኔ ያየሁትን ነው።»

«ያየሽው ግማሽ አይሞላም!»

«ሬሳ ለማወቅ ልደቱን ማየት አያስፈልግም፣ አንተ በረኛ።»

ከውስጥ መብራት ጠፋ፤ የመጀመሪያው ሙዚቃ ተሰማ። ቃራሚዎቹ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ወሬያቸውን ይዘዋል። ፒክሃ ከእናቷ ድስት ጀርባ ቆማ ታየኛለች። ቴንሱ ብስክሌቱን ይዞ ከመንገዱ ማዶ ተገትሯል። ደወሉ በእጄ ነው። አሁን፣ ገና ሲጀምር ካንቃጨልኩት እንጀራዬን ነው የማጣው፤ ካላንቃጨልኩት ደግሞ በምን አፌ የእናት ወንድም ነኝ እላለሁ? 

አንቃጨልኩት።

የድስቱ ክዳን መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ቃራሚ እንደሆነ ደወል ከሰማ አያስብም፤ ልማድ ነው፣ ጎርፍ ሆኖ ገባ። ቦንግዮም ሊየንን በክንዷ እየጎተተች ከፊት ነበረች። ትኬት የቆረጡት «ምንድነው ይሄ? እኛ ጅል ነን?» ብለው ጮኹ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት እየሮጠ መጣ።

«አብደሃል? ገና መጀመሩ ነው!»

«ተሳሳትኩ።»

«አስወጣቸው!»

«አንተ አስወጣቸው» አልኩት። በጨለማ ወለሉ ላይ የተቀመጠን ያን ሁሉ ሰው ማን ያስወጣል? እሱም አልቻለም። ከነገ ጀምሮ እንዳያየኝ ነግሮኝ ወደ ቢሮው ገባ።

እኔ ፊልሙን አላየሁም፤ የቦንግዮን ፊት ነው ያየሁት። «ቁም ሳጥኑስ?» ስትል ሰማኋት፤ ሊየን «ዝም በይ፣ ይመጣል» አለቻት። ሸራው ላይ ዝናብ ይዘንባል። ልጅቷ ከአንድ ጣራ ሥር ተጠልላለች፣ ፎቶ አንሺው ጃንጥላውን ይሰጣታል፣ መናገር አቅቶት ወደኋላ ሲሄድ የትርንጎ ቅርጫት ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ ሳቀ። ቦንግዮ አልሳቀችም። ፒክሃ ለእመቤቷ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እቀራለሁ» ስትል አልተነቃነቀችም። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ፒክሃ ወፍራሙን በነጠላ ጫማ ስትቀጠቅጠው ሳጥኑ ሲዘል፣ ሰው ሁሉ እንባው እስኪመጣ ሲስቅ፣ እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሸራውን ብቻ ታያለች።  በከንቱ እንጀራዬን አጣሁ ብዬ ነበር።

ቁም ሳጥኑ ወደቀ፤ መብራት በራ፤ ሰው ወጣ። ቦንግዮ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ፒክሃና ቴንሱ በሩ ላይ ቆመው ነበር፣ ለመግባት አልደፈሩም።

«በይ እንግዲህ» አለች ሊየን፤ «ልጅቷ ላይ ነውር አላየሁም። አንቺስ?»

ቦንግዮ ሸራውን እያየች ነው። «ጃንጥላውን ሲሰጣት… ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚጀምረው?»

ዞር ብላ በሩን አየች። 

«ቴንሱ! ና ወዲህ» አለች። ልጁ መጣ። «አንተስ በምን ጀመርክ?»

መሬት መሬት አየ። «ብስክሌቷ ሰንሰለት አውልቆ ነበር፣ እናቴ። ሠራሁላት።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱም አወለቀ።»

«ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራኸው ታዲያ?»

ፒክሃ ከበሩ ሆና በቀጭን ድምፅ «በማግስቱ እኔ ነኝ ያወለቅኩት» አለች።

ቴንሱ ዞሮ አያት፤ እሱም ይህን አያውቅም ነበር። ቦንግዮ መጀመሪያ ትከሻዋ ተነቃነቀ፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለችላቸው።

«ተቀመጡ። ከመጀመሪያው ንገሩኝ፣ ምንም እንዳትዘሉ።»

ባለቤቱ መጥቶ ደወሉን ከእጄ ነጠቀኝና ወጣ። እኔም በሩን ከውስጥ ዘግቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ኬኩስ ምን ይሁን?» አለች ሊየን።

«ይላካ! አሁን ዝም በይ፣ አንቺ ሴት፤ ገና መጀመሪያው ላይ ነን።»