ሁለተኛው ሃያ ሁለት ዓመቴ

የቀበሌያችን የእግር ኳስ ቡድን ከተቋቋመ እስኪፈርስ አንድ በጋ ነው የቆየው። በዚያው በጋ የእኔ ዕድሜ አስራ አንድ ዓመት ቀነሰ።

ሰላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ገበያ ሰልባጅ እሸጣለሁ፤ ሚስትና የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ አሉኝ። ከኳስ ጋር ምን አገናኘኝ? የጉዞ ወረቀቱ ነዋ። ያን ጊዜ ነጋዴ ጎንደር ለመሄድ ከቀበሌ መሸኛ ይለምናል፣ ኬላ ላይ እስከ ካልሲው ይበረበራል። ተጫዋች ግን በሰላም ያልፋል። አሰልጣኙ የቀበሌው ወጣት ማኅበር ኃላፊ ነበር። በረኛ እንዳጡ፣ ውድድሩ ግን ከሃያ አምስት ዓመት በታች ለሆነ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ማን ከሃያ አምስት በታች ያደርገኛል ስለው፣ እስክሪብቶው የእሱ መሆኑን አስታወሰኝ። ጢሜን ተላጭቼ ፎቶ ተነሣሁ። ሃያ ሁለት ብሎ ጻፈ፤ ማኅተም መታበት።

ሜዳችን ጣና ዳር ነበር። ከፍ ብላ የተመታች ኳስ ሐይቅ ትገባለች፤ ባለታንኳው ቀዝፎ እስኪያመጣት ጉማሬ የጋጠውን ሣር እያየን እንቆማለን። በእኔ ዕድሜ ይህ መታደል ነበር። ጎንደር ስንሄድ ከማልያው ጆንያ ሥር ሰልባጄ ተኝቷል። ሦስት ለባዶ ተሸነፍን፤ ሰልባጁ ግን ተሸጦ አለቀ።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። ሰው ልጁን ቆጥ ላይ፣ ደሴት ገዳም ሲደብቅ እኔ ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥሁ። የሚፈለገው እስከ ሰላሳ ዓመት ያለው ነው፤ እኔን ምን አገባኝ ብዬ። ቀበሌው ኮታ መሙላት ሲያቅተው የቡድኑ መዝገብ ትዝ አለው። ፎቶ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ የሐኪም ምርመራ አለ። አስራ አምስታችንንም በአንድ ጠዋት ለቅመው አዳራሽ ውስጥ ቆለፉብን።

ሚስቴ የልጃችንን የትምህርት ቤት ካርድ ይዛ ደረሰች። ከአውራጃ የመጣው መዝጋቢ ካርዱንም ፎቶዬንም ደጋግሞ አየ።

«በአስር ዓመትህ ነው የወለድህ?»

«ቸኩዬ ነበር» አልሁ።

የቡድኑ ልጆች ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም።

«ሃያ ሁለት ከሆንህ ትዘምታለህ። ሰላሳ ሦስት ከሆንህ ሰነድ አጭበርብረሃል፤ ትታሰራለህ። የቱ ነህ?»

አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «ጋሼ፣ እርስዎ እኔንም ይዘውኝ ነው የሚወድቁ። ልጆች አሉኝ» አለኝ። በጋውን ሙሉ «አንተ በረኛ» ሲለኝ የከረመ ሰው ነው፤ ዕድሜዬን ያን ቀን አከበረው።

ሁለቱንም መዘንሁ። እስር ቤት የገባ ሲወጣ አይቻለሁ። ከሰፈራችን ዘምቶ የተመለሰ ግን አላየሁም።

«ሰላሳ ሦስት ነኝ» አልሁ። «አሰልጣኙን ዋሽቼው ነው፤ እሱ አያውቅም።»

መዝጋቢው ስሜን ሰረዘ። ከዚያ በጣቱ ዝርዝሩን ቆጠረ፤ አስራ አራት፤ ከኮታው አንድ ጎደለ። ዙሪያውን ቃኝቶ ዓይኑ አሰልጣኙ ላይ አረፈ።

«አንተስ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

አሰልጣኙ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ሃያ ስድስት ነበር።

እኔ ሰባት ወር ታስሬ ወጣሁ። እሱ አልተመለሰም። ልጆቹ አድገው ከሱቄ ልብስ ይገዛሉ። ሌላውን ደንበኛ እስኪሰለቸው በዋጋ እከራከረዋለሁ፤ ከእነሱ ጋር ግን አልሆነልኝም።