ጋሽ ሜትርና ያልተመዘዘው ክር

የልብስ መለኪያው ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈርተኛው «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነው። አንድ አመል ግን አለበት፤ የተንጠለጠለ ክር ካየ እጁ አያርፍም፤ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር መንገድ ላይ አስቁሞ ይመዝለታል።

አልማዝ ባለጭራ የሚሉት ሽፍታ ግራ ጎኑን ሲይዘው ሸሚዝ ሲነካው እንኳ እንደ እሳት ይፈጀው ጀመር። ያውም ልጁ የመጀመሪያ የልጅ ልጁን በወለደችለት ሳምንት። የጤና ጣቢያው ነርስ መድኃኒት ሰጥታ ውሃ የቋጠረው ሁሉ ደርቆ ቅርፊት እስኪሆን፣ ወደ ሕፃኗ እንዳይተላለፍ እንዳያቅፋት አስጠነቀቀችው። ቁስሉን ቀስ ብሎ እንዲያጥብ፣ በፎጣ ሳያሽ ጫን ጫን እያደረገ እንዲያደርቅ፣ ስስ አድርጎ ቫዝሊን እንዲቀባና በተለይ እንዳይነካካው መከረችው።

የልጅ ልጁን በመስኮት ሲያይ ሰነበተ። በአሥረኛው ቀን ሁሉም ደረቀ፤ በማግስቱ ነርሷ አይታ ልትፈቅድለት ነበር። እሱ ግን የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ የአንዱ ቅርፊት ጫፍ ተነስቶ እጁ ላይ መጣበት። ሳያስበው እንደ ክር መዘዘው። ቁስሉ ረጠበ፤ ነርሷም አምስት ቀን ጨመረችበት።

ልጁ አልተቆጣችም። ሕፃኗን መስኮቱ ድረስ ከፍ አድርጋ አሳየችው። አንጀቱን የበላው ይሄ ነው።

ሚስቱ ግን ዝም አላለችም። «አንተ ሰውዬ፣ ጥፋተኛዋ እጅህ ናት። እሷን ለእኔ ተዋት።»

ያረጀ ለስላሳ አንሶላ ቀድዳ ሰፊ ሸሚዝ ሰፋችለት፤ የእጅጌውንም አፍ ደፈነችው። እሷ የሰፋችውን ሁሉ ፈትቶ እንደገና የሚሰፋ ሰው፣ ጠማማውን ስፌት እያየ እንዲሁ ለበሰው። ሱቁ ደጃፍ ሲቀመጥ ደንበኞቹ ይሄን ሞድ ማን እንዳወጣው ይጠይቁት ነበር። የቤቱ ዋና ሰፊ ናት ይላቸዋል።

ቅርፊቶቹ በራሳቸው ጊዜ እየረገፉ ሸሚዙ ውስጥ ቀሩ። ከሥራቸው ገና የሚያሳክክ ሮዝ ቆዳ ወጣ። ነርሷ በአምስተኛው ቀን አይታ ፈቀደችለት፤ ቫዝሊኑን ግን እንዳይተው አለችው።

ሚስቱ የእጅጌዎቹን አፍ በመቀስ ከፍታ፣ ሕፃኗን በደህናው ጎኑ አሳቀፈችው። ከተቆረጠው እጅጌ አንድ ረጅም ክር ተንጠልጥሏል። ዐይኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ አየችው።

«አትመዘውም?»

«ይቆይ፤ እጄ ሥራ ይዟል» አላት።