ወጥር ያሰመረው አሥር ሜትር

ሰውየው የመንገድ ቀለም ቀቢ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ቢኖረውም ባልደረቦቹ ከረሱት ሃያ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ወጥር ነው የሚሉት፣ ወጥር ብቻ። መኪና ማቆም በሚከለከልበት ቦታ፣ ከመታጠፊያ እስከ አሥር ሜትር ድረስ፣ የመንገዱን ጠርዝ ቢጫ ከመቀባቱ በፊት፣ አሥር ሜትር የሆነውን የናይለን ገመዱን ይዘረጋና እግሩን ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ማዶ ያለውን ባልደረባውን "ወጥር! ወጥር እንጂ! ቁርስ አልበላህም እንዴ?" እያለ ያዋክበዋል። ገመዱ እንደ ንብ እም ካላለ ብሩሽ አያነሳም። በሜትር ለካ ቢሉት "ሜትሩን ቀለም ያበላሸዋል" ብሎ ይገላገላቸዋል። እውነትም መስመሩ ሲያዩት ዓይን ያጠግባል። ሥራውን ሲጨርስ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ጫፉ ላይ ያትማል። አንዱ ባበላሸው ሌላው እንዳይወቀስ፣ ቀቢዎቹ ሁሉ የየራሳቸው ምልክት አላቸው።

ሚስቱ ኩላሊቷን ታማለች። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ክሊኒክ ያደርሳታል። ስትወጣ አቅሟ ሙጥጥ ብሎ ስለሚያልቅ የአሮጌዋ መኪናቸው የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ነው የምትመለሰው፤ መኪናዋንም "አልጋዬ" ትላታለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከክሊኒኩ መታጠፊያ አጠገብ የውሃ ቧንቧ ቆፋሪዎች የቢጫውን ጫፍ በአፈር ቀብረውት ነበር ባልና ሚስቱ የደረሱት። ወጥር ግን አሥር ሜትርን በእግሩ ያውቃታል። ከመታጠፊያው ጀምሮ ረገጠ፣ ቆጠረ፣ ግማሽ እርምጃም ለጥንቃቄ ጨመረና መኪናዋን አቆመ። ከአራት ሰዓት በኋላ ሚስቱን ደግፎ ሲወጣ፣ ቦታው ላይ ያገኘው አንዲት የዘይት ጠብታ ብቻ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣" አለች ክንዱን ጨምድዳ፣ "አልጋዬስ?"

ክሬን ጎትቷታል። የግቢው ዘበኛ የሰጠው ወረቀት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፤ የኋላ ጎማዋ ቢጫው ላይ ነበር፣ ከክሊኒክ መታጠፊያ የተነሳ መኪና በቅጣት አይለቀቅም፣ ባለቤቱ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በቅሬታ ካልረታ በጨረታ ይሸጣል። ወጥር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ፈገግ አለ። ስለ ቢጫ መስመር እሱን ሊረታው? ማን?

በማግስቱ በጥብጥ ከሚሉት የቀለም በጥባጭ ባልደረባው የብረት ሜትር ተውሶ ሄደ። አፈሩ ተደልድሎ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልተነሳም ነበር፤ በጫማው ጫፍ ፈቅ ፈቅ አድርጎ የቢጫውን ማብቂያ አገኘና ለካ። አሥራ አንድ ሜትር! ደስታው አናቱ ላይ ወጣ።

"ጅራት ቀጥለውባታል!" አለ ሜትሩን ሲመልስ። "የትኛው ሸውራራ ይሆን?"

"ያ ወፍራሙ ነው የሚሆነው፣" አለ በጥብጥ። "እሱ ሆዱን ተሸክሞ እንዴት አድርጎ ጎንበስ ይላል?"

ተሳሳቁ።

የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ቅሬታ ሰሚ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነች። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"መስመሩ ረዝሟል ነው የሚሉት፣ አባቴ?"

"አንድ ሜትር ሙሉ! እኔ ራሴ ቀቢ ነኝ እኮ፣ የኔ ልጅ።"

ብዕሯ ቆመ። "እንግዲያው የቀቢዎቹን ምልክት ያውቃሉ።"

"እንደ ልጆቼ!"

"ጥሩ። መስመር ስህተት ነው የሚባለው የቀባው ሰው ቀርቦ ሲያምን ነው፤ ካልቀረበ እንደ ትክክል ይቆጠራል፣ መኪናዎም ይሸጣል። ማን እንደሆነ ይንገሩን።" ከዚያ በአገጯ ወደ ጥጉ አመለከተች። እዚያ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ተቀምጣለች። "ባሏ ታክሲ ነጂ ነበር። ታክሲውን ከዚሁ መስመር አንስተን ሸጥንበት። ከዚያ በኋላ ሰውየው በሕይወት ብዙም አልቆየም። እሷ ግን በየቀኑ ትመጣለች። ምንም አትጠይቅም፣ ትቀመጣለች።"

ሴትየዋ ወጥርን አየችው። እሱ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው እጁን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ በቀጥታ አካፋ ይዞ ወደ መታጠፊያው ሄደ። አፈሩን ገፈፈ፣ ድንጋዩን በመሐረቡ ወለወለ። መጀመሪያ ቢጫው ታየ። ቀጥሎ አንድ አውራ ጣት ታየ፤ መሐሉ ላይ የቆርቆሮ ክዳን የሰነጠቀው ጠባሳ ያለበት። ወጥር የራሱን ጣት አጠገቡ አስቀመጠ፤ ጠባሳው ያው ነው። አላፊ አግዳሚው የወደቀ ነገር የሚፈልግ መስሎት ዘወር እያለ ያልፈው ነበር።

መጋዘን ሲደርስ በጥብጥን ሰላም አላለውም። ገመዱን ከሚስማሩ አውርዶ ወለሉ ላይ ዘረጋው፤ ሜትሩንም ጎኑ አስተኛ። ልል ሆኖ ሲለካ አሥር ሜትር።

"ያዝ፣" አለው። "ወጥር።"

"ምን ሆነሃል አንተ?"

"ወጥር ብዬሃለሁ!"

ሁለቱ ወገባቸውን አጥፈው ጎተቱ። ገመዱ እም ማለት ሲጀምር ወጥር ቁልቁል ሜትሩን አየ። አሥራ አንድ።

በጥብጥ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሜትሩን ደግሞ አየ። "ቆይ... ትምህርት ቤቱን የሠራነው በዚህ ነው። ገበያውንም። የፍርድ ቤቱን ዙሪያ በሙሉ..." ገመዱን እባብ የያዘ ይመስል ለቀቀው። "ስማኝ፣ ማመልከቻህን አንሳ። መኪና መኪና ነው፣ ይቅርብህ። ይህ ከተነካ አንተ ከሥራም ትባረራለህ፣ ፍርድ ቤትም ትቆማለህ። የማንን መኪና ስንት ቦታ እንዳስነሳህ ማን ያውቃል?"

ወጥር ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

ሐሙስ ሚስቱ በአውቶቡስ ቆማ ተመልሳ ደረጃው ላይ ወደቀች። ቤት ሲገባ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ አመድ መስሎ አገኛት። ሁሉንም ነገራት። እግሯን በእጇ እያሸች ሰማችው።

"ያቺ ሴትዮ፣" አለች፣ "ዛሬም ነበረች?"

"ሁልጊዜ አለች።"

"ቅዳሜ ሌላ እጥበት አለኝ።" ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። "እኔ ቀርበህ እመን ወይም ተደበቅ አልልህም። አውቶቡሱን ግን አልችለውም።"

ዓርብ ጠዋት ቅሬታ ሰሚዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።

"ቀቢው ተገኘ፣ አባቴ?"

"ተገኝቷል።"

"የታለ?"

ወጥር የጠርዙን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጎኑም አውራ ጣቱን፣ ጠባሳውን ወደ ላይ አድርጎ። ቅሬታ ሰሚዋ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ቅጹንና የቀለሙን ስፖንጅ ገፋችለት።

"መኪናዎ ዛሬ ይለቀቃል፣" አለች በዝግታ። "የተሳሳተው መስመር ግን ይህ ብቻ ነው?"

"አይደለም።"

"ስንት ነው?"

"ሁሉም።"

ብዕር አቀበለችው። አልተቀበላትም። አውራ ጣቱን ስፖንጁ ላይ ነከረና ሃያ ሁለት ዓመት እንደለመደው፣ ሳያንሸራትት፣ ጠበቅ አድርጎ ከጽሑፉ ጫፍ ላይ አተመ።

ከኋላው፣ ጥጉ ላይ፣ ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። ያቺ ሴት ተነሥታ ነበር። እርምጃዋ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ እሱ ሲመጣ፣ ጣቱን ሳይጠርግ ቆሞ ጠበቃት።