ለግራ እግሬ ዋስ የሆነው ቀኝ እግሬ

ከቢቸና የወጣሁት ዶሮ ሳይጮህ ነው። እህቴ ጥሩዬ ደግፋ አውቶቡስ ላይ አወጣችኝ። ጥቂት ስራመድ ሕመሙ የግራ ባቴን እንደ ጉጠት ይዞ ይጨመድደኝ ነበር፤ አውራ ጣቴም ጠቁሯል። ስዊድን ያለችው ልጄ አስካለ «እማዬ፣ ሳይቆረጥ ነይ» ብላኛለች።

ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ወታደሩ «ሁሉም ይውረድ፣ ፍተሻ ነው!» አለ።

«እግሬ እምቢ ብሎኛል፣ ልጄ።»

«እማማ፣ በአብዮቱ ሁሉም እኩል ነው። ይውረዱ!»

«እኩል ከሆንን አንተም ግባና አጠገቤ ተቀመጥ።»

ገብቶ ተቀመጠና ጓዜን እዚያው ፈተሸ።

እናንተ ሆይ፣ የዚህ የስዊድን ብርድ የጮቄን ተራራ ያስመሰግናል! ዳቦውን በስኳር ያቦኩታል። አከራያችን መጥቶ «የሚጥሚጣችሁ ሽታ ግድግዳዬ ውስጥ ገባ» ቢል፣ «ታዲያ እሱንም ኪራይ ጠይቀው» አልሁት። አስካለ አልተረጎመችም።

ሆስፒታል ሐኪሙ ከመርፌ የቀጠነ፣ ከቁመቴ የረዘመ ሽቦ አሳየኝ። ሽቦው በደም ሥር ውስጥ መንገድ ይመራል፤ ካቴተር የሚሉት ቀጭን ቱቦ በላዩ እየተንሸራተተ ይከተላል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ፊኛ ተነፍታ የተዘጋውን ትከፍታለች። ዲያቆኑ ከፊት፣ ቄሱ ከኋላ፤ ደስ አለኝ። ከየት እንደሚገባ በአስካለ በኩል ብጠይቀው ግን ቀኝ ብሽሽቴን ነካ።

«የታመመው ግራው ነው» አልሁ።

«በጤነኛው ገብተን፣ ሆድዎ ውስጥ ዞረን ወደ ግራው እንወርዳለን።»

ይህን ፍርድ አውቀዋለሁ። በእኛ ቀበሌ አንዱ ከዘመቻ ሲኮበልል ወንድሙን ያስሩ ነበር። «ምንም ያላጠፋ እግር ስለ ወንድሙ አይወጋም!»

«እማዬ፣ እግር እኮ ነው!»

«ተርጉሚ!»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ካልተከፈተ ግራው ይቆረጣል።»

ያኔ ደግሞ ቀኙ ብቻውን ሊሸከመኝ ነው፤ ያም ግፍ ነው። በአገራችን ሰው ለሰው ዋስ ይሆናል፤ ግን በገዛ አፉ እሺ ሲል ነው።

«ይጠይቀው» አልሁ።

«ማንን?»

«ቀኙን።»

አስካለ ፊቷን ሸፈነች። ሐኪሙ ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን በስዊድንኛ አነጋገረው። ከዚያ በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሬ ተወነጨፈ።

«እሺ አለ!» አለች ነርሷ።

«በመዶሻ የተገኘ ቃል አይጸናም» አልሁ።

ሐኪሙ መዶሻውን አስቀምጦ እንደገና ጠየቀ። ማንም አልሳቀም። የጠቆረውን ጣቴን አየሁ። ቀስ ብዬ ቀኝ እግሬን አነሣሁ።

ነቅቼ የሽቦውን ጉዞ በቴሌቪዥን አየሁት። የዓባይ በረሃ ተገልብጦ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ዳገት፣ ኋላ ቁልቁለት። ፊኛዋ ስትነፋ አመመኝ። ቆይቶ የግራ ጣቶቼ ሞቁ። ቀኙን ግን «እንዳያጥፉት» ብለው እስኪመሽ አጋደሙት። አጥፊው ተፈታ፣ ዋሱ ታሰረ!

ስድን ጥሩዬን ቢቸና ቴሌ አስጠርቼ ደወልሁ።

«ትራመጃለሽ?»

«ሱቅ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«እንግዲያ ነይ!»

«ሐኪሙ በየጊዜው ልየው ብሏል።»

«እሱ ይምጣና ይይሽ!»

ፍርዷ ትክክል መሰለኝ። በቀጠሮዬ ቀን የጥሩዬን ቃል አስካለን አስተረጎምኋት። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግን ወደ ቢቸና መቼ እንደሚነሣ ጠየቅሁት።