አባዬና የዘራፊው ሞዘር

"አቁሚው! ይሄ እኮ የአባቴ ጠመንጃ ነው!" አለ አባዬ፣ ከሶፋው ብድግ ብሎ።

ዛሬ ከሥራ ኦፍ ስለነበርኩ አትላንታ አጠገብ ታከር ባለው ቤታችን ቁጭ ብለን ስለ ባንክ ዘራፊዎች የተሠራ የድሮ ዘመን የጀርመን ፊልም እያየን ነበር።

ፖዝ አደረግኩት። አንዱ ዘራፊ ረጅም ሞዘር ደግኗል፤ የባንኩ ሠራተኞች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል።

አባዬ አትላንታ ከመጣ ወዲህ "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር ብዙ አያወራም። ዛሬ ግን ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዶ የጠመንጃውን ሰደፍ በጣቱ እየነካ ወሬውን ጀመረ። (ስክሪኑን ማን እንደሚወለውለው እናንተው ገምቱ።)

"እኛ አገር ጥይት የሚተኮሰው ወንድ ሲወለድ ነበር። አንቺ ስትወለጂ ግን አያትሽ ሞዘሩን ከግድግዳ አውርዶ ወጣና ተኮሰ። ጎረቤቱ 'እግዜር ወንድ ልጅ ሰጣችሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ' እያለ ግር ብሎ መጣ።"

"ሴት መሆኔን ሲሰሙስ?"

"አንዱ 'ምነው ጋሼ፣ ተሳሳቱ እንዴ?' አለው። አባቴ ሌላ ጥይት አጎረሰና ደገመው።"

ይሄን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ "ወንድ ነበር የጠበቁት" እያልኩ ስጠረጥር ኖሬአለሁ። አያቴ፣ ነፍስህን ይማር፤ ሁለተኛዋ ጥይት ዛሬ ደረሰችኝ። አመሰግናለሁ።

እናንተስ የተወለዳችሁ ቀን ቤታችሁ ምን ተደረገ? የሚያውቅ ሰው ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና ጠይቁት፤ እዚህም ጻፉልኝ።

እኔ ልመለስ፤ አባዬ አሁንም እያወራ ነው። የባንኩ ሰዎች እጃቸውን እንዳነሱ ትንሽ ይታገሡን።