ጋሽ ተፈራ የተሸከሙልኝ ጥፋት

አላመንኩም። አሁን ይህን ስጽፍም አላመንኩም።

ጠዋት ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ፌርማታ ላይ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ሳለ የጋሽ ተፈራ ባለቤት እትዬ አልማዝ ደወሉልኝ። "ተፈራ አረፈ። ልቡ ነው" አሉኝ። የትኛው ተፈራ ብዬ ጠየቅኳቸው። እያወቅኩ ጠየቅኳቸው። አውቶቡሱ መጥቶ ጥሎኝ ሄደ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ተፈራ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሰርቨሮቹ፣ ማለትም ዋና ኮምፒውተሮቹ ላይ አብረውኝ የሠሩ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እኔ እዚሁ ለንደን ተወልጄ ያደግኩ፣ አማርኛዬ ስብርብር ያለ። እሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ብጠይቃቸው በአማርኛ ነበር የሚመልሱልኝ።

ያስተማሩኝ መልቲፓዝ የሚባለውን ነው። ሰርቨሩ ዳታው ካለበት ስቶሬጅ ጋር በሁለት መስመር ይገናኛል፤ አንዱ ቢቋረጥ በሌላው እንዲቀጥል የሚያደርገው ይሄ ሶፍትዌር ነው። በማውዝ የሚነካካ ነገር አይወዱም። ሁሉንም ጥቁሩ ስክሪን ላይ በኮማንድ ያስጽፉኛል፤ ኢንተር ከመጫኔ በፊት ደግሞ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ያደርጉኛል። "ሁለት መስመር ይታያል ማለት ሁለቱም ይሠራሉ ማለት አይደለም። አንብቢው" ይሉኝ ነበር። መቶ ጊዜ ሳይሉኝ አልቀሩም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አላነበብኩም።

አንዱ ኬብል ሊቀየር ስለነበር መስመሩን መዝጋት ነበረብኝ። ዝርዝሩን አወጣሁ፣ ሁለት መስመር አየሁ፣ አንዱን ዘጋሁ። ሌላው ለካ ከሞተ ቆይቷል። አጠገቡ ተጽፏል እኮ። የቀጠሮው ሲስተም ቀጥ አለ። ታች በሽተኞች ተሰልፈው ቆሙ፤ ብዙዎቹ ሳይታዩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ጋሽ ተፈራ መጡ። አልጮኹብኝም። የትኛውን እንደዘጋሁ ብቻ ጠየቁኝና ወንበሬ ላይ ተቀምጠው መስመሩን ከፈቱት። ዲስኩን ሁሉ ቼክ አድርገው ሲስተሙን እስኪያስነሱ ከሰዓት ሆነ።

ስብሰባ ላይ አለቃችን ኮማንዱን የጻፈው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሁላችንም የምንገባው በአንድ አካውንት ስለነበር ሌላ ማወቂያ የለም። አፌን ስከፍት ጋሽ ተፈራ ቀደሙኝ። "እኔ ነኝ" አሉ።

ዝም አልኩ። ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? እፎይታ።

የቲም ሊደርነቱ ቦታ ለሳቸው እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። ቀረባቸው። ከዓመት በኋላ ለኔ ተሰጠ። እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ሲጨብጡኝ፣ ያን ቀን ለምን እንደዚያ እንዳሉ ጠየቅኳቸው። "ገና በሙከራ ጊዜ፣ ፕሮቤሽን ላይ ነበርሽ፤ ያባርሩሽ ነበር። በይ ተይው" አሉኝ።

ተውኩት።

አምና ብሪክስተን ቤታቸው ለልጃቸው ምርቃት ጠሩኝ። እትዬ አልማዝ ሳህኔ ላይ እየጨመሩልኝ፣ የዚህ ሽማግሌ እጅ አይታመንም፣ ያንን ሹመት ያሳጣው እጁ ነው ብለው ቀለዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተፈራም አብረው ሳቁ። እኔ የጎረስኩትን ዋጥኩ። እስከ ዛሬ የወረደ አይመስለኝም።

ዛሬ ከዚያ ስልክ በኋላ ሥራ ገባሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የመልቲፓዙን ፋይል ከፈትኩ። አናቱ ላይ እሳቸው በላቲን ፊደል የተዉልኝ የአማርኛ ማስታወሻ አለ፦ "ከነካሽው ንገሪኝ"። ከኋላዬ ሳላቸውን ሰማሁ። እምላለሁ ሰምቻለሁ። ዞርኩ። ወንበራቸው ብቻ ነው ያለው።

ለአለቃዬ የሆነውን በሙሉ ጽፌ ላክሁና ወደ ብሪክስተን ሄድኩ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። እትዬ አልማዝን ኩሽና ውስጥ ለብቻቸው አግኝቼ ነገርኳቸው። የሳተው የሳቸው እጅ እንዳልነበረ፣ የኔ እንደነበረ።

የያዙትን ሲኒ አስቀመጡ። ከዚያ፣

"ሦስት ዓመት ሙሉ ቀለድኩበት እኮ" አሉ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሼ፣ ይህን በሕይወት እያሉ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ፤ ከዚያም ለመደብኝ፤ የባሰው መልመዴ ነው። ይቅር በሉኝ እንዳልል መልስ አይሰጡኝም። እትዬ አልማዝ ግን አሁን ሳሎን ተቀምጠው ለመጣው ሰው ሁሉ እየተናገሩ ነው፤ ተፈራ አልተሳሳተም እያሉ። ከዚህ ጥግ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ምነው እርስዎም በሰሙ።

ጌታ በእቅፉ ያሳርፍዎት። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።