«በጾም ነው የከሳሁት»

ይህ ነገር የደረሰብኝ ያለፈው ዓመት የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን ውርደት ይረሳል። እኔ ይህንን መርሳት ያልቻልኩት ግን በሰው ስም ላይ ስለተራመድኩበት ነው። ስጽፈውም ማንንም አልምርም፤ ከራሴ እጀምራለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ገዳሪፍ ካሉት ሐበሻ ሴቶች የግማሹን ወገብ በሜትሬ ለክቻለሁ። የማን ቀሚስ በየዓመቱ እንደሚለቀቅ፣ ማን ትንፋሿን ውጣ እንደምትለካ አውቃለሁ። የእኔን ወገብ ግን ሜትሬ ዞሮ አይገናኝበትም ነበር። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ከማሽኑ የምነሣው ጠረጴዛ ተደግፌ ነበር። የሱዳኑ ጦርነት ሳይነሣ በፊት ዐረብ አገር ያለችው እኅቴ ገፋፋችኝና ካርቱም ሄጄ በአንድ የግል ሐኪም ቤት ጨጓራዬን አስቀነስኩ። ስመለስ ለጎረቤቱ «ሐሞቴ ውስጥ ጠጠር ነበር» አልኩ።

ከዚያ ክሳቱ መጣ። አንድ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ላይ፣ የማርያም ማኅበራችን ተሰብስቦ ሳለ እትዬ ደብሬ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። እትዬ ደብሬ የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ናት። የሰውን ሁሉ በሽታ ታውቃለች፤ የማታውቀው የራሷን የምላስ በሽታ ብቻ ነው። ያኔ አንቱ ነበር የምላት፤ ዛሬ አይገባትም።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የቀለጥሽው?» አለችኝ።

«በጾም ነው የከሳሁት» አልኳት።

ሳላስበው ነው ያወጣሁት። አቤት፣ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው! በሳምንቱ ቄሱ ሳይቀሩ ስሜን ሳይጠሩ «ጾሟ በሥጋዋ ላይ የታየላት እኅት በመካከላችን አለች» ብለው ሰበኩ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ወዲያ ቃሌን የምመልስበት መንገድ ጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስም ብሎኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ደኅና ከረምኩ። ሐኪም ቤቱ የሰጠኝ ወረቀት ዕድሜ ልክሽን ቪታሚን ውሰጂ፣ ክትትል አታቋርጪ ይል ነበር። ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ከመሳቢያው ሥር ሸጎጥኩት፤ በኋላም ረሳሁት። ጦርነቱ ሲመጣ ሐኪም ቤቱም ሐኪሙም የት እንደገቡ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ገላዬ ያምፅብኝ ጀመር። በልቼ ጠጥቼ፣ ሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ላብ ያጠምቀኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ብዥ ይላል፣ መርፌ ላይ ክር መሰካት ያቅተኛል። የጀመርኩት ወሬ መሐል ላይ ይጠፋብኛል። ሁለት ጊዜ እማሽኑ ላይ ተደፋሁ። የእግሬ ጣቶችም ደነዘዙ፤ ባዶ እግሬን ፔዳሉን ስረግጥ ጫማ ያደረግኩ ይመስለኛል። ፀጉሬ ደግሞ በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣል።

አዋቂ መቼ ጠፍቶ! አንዱ ክሊኒክ ወባ ነው አለ። ወባ እዚህ ለሰነፍ ሐኪም የተሰጠ በረከት ነው። መርፌ ወጉኝ፣ ጉሉኮስ ሰቀሉልኝ፤ ጉሉኮሱ ሲገባ ነቃሁ፤ «አየሽ? ወባ ነበር!» አሉኝ። በሚቀጥለው ወር ታይፎይድ ሆነ። ከዚያ ደም ማነስ፣ ከዚያ ጭንቀት። ስለ ቀዶ ጥገና የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ የጠየቀኝ ቢኖርም «ሐሞት» ብዬ እሸኘዋለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላው ሰው ስተርት ነው ያደግሁት።

እትዬ ደብሬ ግን ከሁሉም ቀድማ ጨርሳዋለች። «ቡዳ ነው» አለች። ማስረጃዋ ምን መሰላችሁ? በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አለመውደቄ። «ቡዳ ጾም ይፈራል» አለች። ባዶ ሆዴን እንደሆንኩ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ከሱቄ ፊት ለፊት ትርንጎ የምትባል ሻይ ሻጭ ትቀመጣለች። ሱዳኖቹ እንዲህ ዓይነቷን ሲት ሻይ ይሏታል፤ ከዛፍ ሥር ከሰሏን አያይዛ፣ በርጩማዎቿን ደርድራ የምትውል ሴት። ከመተማ በገላባት ተሻግራ የመጣች የጎንደር ሴት ናት። ባሏ ባሱንዳ በሚባል ቦታ እርሻ ላይ ሞቶባት ብቻዋን ቀረች። የማኅበራችንም አባል ናት። ሰው አትለማመጥም፣ ወሬ አታመላልስም። በየቀኑ ሻይዋን በዘላቢያ፣ በዘይት በተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ፣ እጠጣ ነበር፤ አራት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት ሻይ አልለውም።

ነገሩን ያየችው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን ብርጭቆዬን እያጠበች «አንቺ፣ ልብ ብለሻል? የእኔን ሻይ ጠጥተሽ ከሄድሽ በኋላ ነው ሁልጊዜ የምትታመሚው። ፉል በበላሽበት ቀን ደኅና ነሽ። እስቲ ስኳሩን እንተወው» አለችኝ።

«ያለ ስኳር? እስር ቤት ነኝ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት። ይህንኑ ለእትዬ ደብሬ እንደ ቀልድ ነገርኳት። አፌን በቆረጠው!

ወሩ ዞሮ ማኅበሩ የእኔ ተራ ሆነ። ቤቴና ሱቄ አንድ ግቢ ነው። ጠዋት ስጣደፍ ሌላ እህል ሳልቀምስ ከትርንጎ ሁለት ብርጭቆ ሻይ በዘላቢያ ጠጣሁና ወደ ጓዳዬ ተመለስኩ። ሴቶቹ ገብተው፣ ቄሱ ገና እየተጠበቁ ሳለ ያ ላብ መጣ። ዳቦውን እንደያዝኩ ወደቅሁ።

የማስታውሰው በጥቂቱ ነው። ሰውነቴ ጣፋጭ ነገር ይለምናል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ሲያደርገኝ የሚያነቃኝም የትርንጎ ሻይ ነበር። ለዚህ ነው «ትርንጎ... ትርንጎን...» እያልኩ ያጉተመተምኩት።

«ለፈለፈች!» ብላ ጮኸች እትዬ ደብሬ። «የበላትን ለፈለፈች! እኔ አላልኩም? ራሷ ትርንጎ በአፏ ተናዝዛ የለም? ሻዬን ስትጠጣ ነው የምትወድቀው ብላ!»

የአገራችን ልማድ ደግሞ የተጠረጠረችዋን ሴት ልብስ ቆርጦ ታማሚዋን በጭሱ ማጠን ነው። አንዷ ሄዳ ሻይ የምትጠጣ መስላ ከትርንጎ ኋላ ተቀመጠችና የቀሚሷን ጫፍ ሸርክታ መጣች። መቀሱ ደግሞ የእኔ ነው፤ ከማሽኔ ላይ ነው ያነሣችው። ጋቢ ጣሉብኝ፣ ከሥሩ አጨሱብኝ፣ አስነጠሱኝ፣ አስለቀሱኝ። እትዬ ደብሬ በመጨረሻ «ያጥበዋል» ብላ አንድ ጣሳ ብርዝ አፌ ውስጥ ገለበጠችብኝ። ብርዝ መቼም ማር ነው። ነቃሁ። ምስጋናውን ጭሱ ወሰደ።

ጋቢውን ስገልጥ ፍሙ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይጨሳል። ጠርዙ ቢጫ ነው። ያንን ቢጫ ጠርዝ ለፋሲካ በእጄ የዘመዘምኩት እኔ ነኝ። ቀና ስል ትርንጎ በር ላይ ቆማለች፤ ለማኅበሩ ያመጣችውን ዘላቢያ በሰሃን ይዛለች፤ የቀሚሷ ጫፍ ተሸርክቷል።

«እንትፍ በይባት! እንትፍ በይባትና ልቀቂያት!» አሏት።

ትርንጎ እነሱን አላየቻቸውም። እኔን ነው ያየችኝ። «አንቺ ነሽ ያልሽው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ቡዳ አይደለችም ብል፣ «ታዲያ ምንድን ነው የሚጥልሽ?» ሊሉኝ ነው። ሐሞቱም ጾሙም ሊወጣ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን እዚያው ነቀዘ። ትርንጎ ሰሃኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዘላቢያው አንድም ሰው አልነካም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መስኮቴ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ሱዳኖቹ ይጠጣሉ፤ ሐበሻው ግን በርጩማዋን እየዞረ ያልፋል። ለአጨዳ የመጡት የአገራችን ልጆች ዋና ደንበኞቿ ነበሩ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ደረሳቸውና ጠፉ። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። የሚቀጥለው ማኅበር የእሷ ተራ ነበር፤ ዘለሏትና ለእትዬ ደብሬ ሰጡት። ከማኅበሩ ትሰረዝ የሚል ነገርም ተነሣ። የአገሯ ሰው ከማዕድ ካባረራት ትርንጎ እዚህ ማን አላት? ይህን እያወቅኩ ሦስት ሳምንት መርፌዬን ነከስኩ።

ያዋረደኝም ያዳነኝም አራተኛው ውድቀት ነው። የትርንጎን ሻይ ከተውኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ለአንዲት ሱዳናዊት ሙሽራ ቀሚስ ልለካ ሄጄ የማንጎ ጭማቂ ጋበዙኝ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ደገምኩት። ሙሽራዋን ስለካ ሜትሩን እንደያዝኩ እግሯ ሥር ተዘረጋሁ። ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ጭነው ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ወጣት ሐኪም ጋ አደረሱኝ። ዱክቱራ ይሏታል።

ዱክቱራዋ ወባ አላለችም። ጣቴን ወጋችና የደሜን ስኳር አየች፤ ደነገጠች። ወርዶ ወርዶ ሊያልቅ ነበር። ሲሻለኝ የስኳር መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልወስድም አልኩ። ሆዴን ገልጣ አምስቱን ትንንሽ ጠባሳዎች አገኘቻቸው።

«ይኼስ?»

«ሐሞት ነው።»

«ወላሂ?» አለችና ፈገግ አለች። «ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ እኔ ጎረቤትሽ አይደለሁም፤ ብትዋሺኝ የምትሞቺው አንቺ ነሽ።»

ያን ጊዜ አልቅሼ ዘከዘክሁት። እሷም በቀላሉ አስረዳችኝ። የተቀነሰው ጨጓራ ጣፋጩን ሳያቆይ ወደ አንጀት ይለቀዋል፤ ሰውነት ይደነግጥና ስኳሩን ለማውረድ ይረባረባል፤ ከልክ በላይ ያወርደዋል። ስወድቅ ስኳር ያነቃኛል፤ ካነቃኝ በኋላ ተመልሶ ይጥለኛል። የእግሬ መደንዘዝ ከተውኩት ቪታሚን እንደሚሆን ነግራኝ መርፌ ጀመረችልኝ፤ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብላ ግን ቃል አልገባችም። የፀጉሬን ነገር «አላውቅም፣ ገና እናየዋለን» አለች። በሦስት ዓመት ውስጥ «አላውቅም» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት፤ ለዚህም አመንኳት።

በሳምንቱ ማኅበሩ እትዬ ደብሬ ቤት ተሰበሰበ። ትርንጎ አልተጠራችም። ጸሎቱ እንዳለቀ የስረዛው ነገር ሲነሣ እኔም ተነሣሁ። 

«በጾም አይደለም የከሳሁት» አልኩ። «ካርቱም ሄጄ ጨጓራዬን አስቆርጬ ነው። የሚጥለኝም እሱ ነው። ትርንጎ ምንም አላደረገችኝም።»

 እትዬ ደብሬ ግን መች ትሸነፍና! «ታዲያ ስሟን ለምን ለፈለፍሽ?»

«ሻይ አምሮኝ ነዋ!»

«ተመልከቱ፣ ቡዳው ነው የሚያናግራት!» አለች።

በዚህ ጊዜ አንቱታው አለቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ነይ እዪው!» ብዬ ቀሚሴን ገለጥኩና ጠባሳዎቹን በጣቴ እየቆጠርኩ አሳየኋት። ቄሱ በድንጋጤ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እትዬ ደብሬ አየች፣ አማተበች፣ «እኛ እኮ ላንቺው ብለን ነው» አለች። ይቅርታ የሚባለውን ቃል እስካሁን ከአፏ አልሰማሁም። ትርንጎ ግን አልተሰረዘችም፤ ተራዋም ተመለሰላት።

ከዚያ ወዲህ ውሸታም ሆኛለሁ፤ ይገባኛል። የሚያስቀኝ ግን በአደባባይ ጀርባቸውን ከሰጡኝ ሴቶች ሦስቱ አንድ በአንድ ሱቄ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ያ ሐኪም አሁን የት ነው ያለው?» ማለታቸው ነው። አንዷ ያችው ጨርቅ ቆራጯ ናት። ወገቧን ለክቼ፣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ ነግሬ ሸኘኋት።

ለትርንጎ ስነግራት ከሰሏን እያራገበች ሰማችኝ። «አንቺ ሆድሽን ደበቅሽ፣ እነሱ ቀሚሴን ቆረጡ» አለች። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።» ያንኑ አረንጓዴ ጨርቅ ፈልጌ እንደ አዲስ አደርግልሻለሁ ብላት እምቢ አለች።

«በቀይ ጣፊው» አለችኝ። «የተቆረጠበት ይታይ።»

በቀይ ጣፍኩት። ለብሳው ትውላለች። እኔም ያንን ቀይ ጨርቅ ባየሁት ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል፤ ደግሞም ይቃጠል እላለሁ። እስካሁን በርጩማዋን እየዞረ የሚያልፍ ሐበሻ አለ። ስለዚህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ገበያው ሲሞላ፣ ፉሌን በልቼ እሻገርና ከፊት ባለው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ትርንጎ ያለ ስኳር ትቀዳልኛለች። ይመራል። ብርጭቆውን እስከ አተላው እጠጣና ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው እቆያለሁ፤ የሚያልፈው ሁሉ አለመውደቄን አይቶ ይለፍ።